መብራት ሲሄድ ዋይፋይ እንዳይቋረጥ፦ ራውተርን በፓወር ባንክ ማሠራት

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም ስልኩም በባትሪያቸው ይቀጥላሉ፤ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ራውተር ደግሞ የሚበላው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ፓወር ባንክና 5 ቮልትን ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ የዩኤስቢ ገመድ ይበቁታል።

መጀመሪያ የአዳፕተሩን ጀርባ ያንብቡ። 12 ቮልት 1 አምፔር ከሆነ ጥሩ ነው። 9 ቮልት ከሆነ የ9 ቮልት ገመድ ይግዙ፤ 12 ቮልት ከሰጡት ሊቃጠል ይችላል። 12 ቮልት 2 አምፔር ካለ ግን ይህ ዘዴ አያስተማምንም፤ ሚኒ ዩፒኤስ (ለራውተር የተሠራ የመጠባበቂያ ባትሪ) ይሻላል። አዳፕተሩ ላይ ባለው የክብ ሥዕል የመሃሉ ነጥብ ከመደመር ምልክት ጋር የተያያዘ መሆኑንም ያረጋግጡ።

የገመዱን ቮልት ሳይለኩ ራውተሩ ላይ አይሰኩ። ፓወር ባንኩ ላይ ብቻ ይሰኩትና ቴስተሩን (ቮልት መለኪያውን) በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉት፤ ቀዩን ጫፍ በገመዱ ጃክ (ራውተሩ ላይ በሚሰካው ጫፍ) ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥቁሩን በውጭኛው ብረት ላይ። 12 አካባቢ (የ9 ቮልት ገመድ ከሆነ 9 አካባቢ) ካሳየ ይሠራል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ገመዱ የተገለበጠ ነው፤ ለሻጩ ይመልሱት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ የራውተሩ መብራቶች ይበራሉ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጠፋሉ፣ እንደገና ይበራሉ። ራውተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ዋይፋዩ ሥራ ሲጀምር የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ የፓወር ባንኩ የ1 አምፔር ቀዳዳ ደግሞ የሚሰጠው 5 ዋት ብቻ ነው። 2 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ወደሚሰጠው ቀዳዳ ያዛውሩት። ገመዱን ሲነኩት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የጃኩ ነው፤ 5.5 በ2.5 ሚሊሜትር የሆነው ጃክ 5.5 በ2.1 ለሆነ ራውተር ይላላል።

ስንት ሰዓት ይቆያል? ፓወር ባንኩ ላይ ያለው 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር የተሰላው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ቮልቱ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ከሚባክነው በኋላ 50 ያህል ይቀራል። 6 ዋት ለሚበላ ራውተር 8 ሰዓት ገደማ ነው።

ፓወር ባንኩን ቻርጀር ላይ ሰክተው ሁልጊዜ ከራውተሩ ጋር ለመተው ካሰቡ መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለው ይሞክሩ። ብዙዎቹ በዚያች ቅጽበት ኃይል ያቋርጣሉ፤ ራውተሩም ከመጀመሪያው ይነሳል፣ ስብሰባ ላይ ከነበሩ ይወጣሉ። ሳያቋርጥ የሚያሳልፍ ዓይነት ካላገኙ መብራት ሲጠፋ በእጅ መሰካት ይሻላል። ፓወር ባንኩን ጨርቅ አያልብሱት፣ ራውተሩ ላይም አይደርቡት። ካበጠ ወዲያው ከአገልግሎት ያውጡት።

መስመሩ ፋይበር ከሆነና ከራውተሩ ሌላ የፋይበር ሳጥን ካለ እሱም የራሱ ገመድ ያስፈልገዋል፤ በብርሃን የሚመጣ መስመር ኤሌክትሪክ ይዞ አይመጣም። ሁለቱም እየበሩ ኢንተርኔት ከሌለ የጠፋው ከቤት ውጭ ያለው መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በሞባይል ዳታ መቀጠል ነው።