ያገለገለ ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ ሳንታለል እንዴት እንግዛ?

ስሜን ተራሮች ላይ ገደል ጫፍ የቆመ ዋልያ፣ ወይም በጥምቀት ጃን ሜዳ ከሕዝቡ ማዶ የሚያሸበሽቡ ካህናት፣ ከካሜራ ጋር በሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ አይቀርቡም። ሩቁን የሚያቀርበው ቴሌፎቶ ሌንስ ደግሞ አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ያገለገለ መግዛት ያዋጣል፤ ግን ተራ በተራ እያያችሁ ይሁን።

መጀመሪያ የካሜራችሁን ዓይነት ለዩ። ካኖን ላይ “ኢኤፍ-ኤስ” (EF-S) የሚል ሌንስ አነስ ያለ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ባላቸው እንደ 700ዲ ባሉት ላይ እንጂ 5ዲ ወይም 6ዲ ላይ አይገጥምም። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች የፎከስ ሞተር በውስጣቸው የላቸውም። ስለዚህ “ኤኤፍ” (AF) ብቻ የተጻፈበት ሌንስ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግላችሁም፤ የራሱ ሞተር ያለውን “ኤኤፍ-ኤስ” (AF-S) ፈልጉ።

ቀጥሎ ሞዴል ምረጡ። ለካኖን የእኔ ምርጫ በ2013 የወጣው 55-250 ኤስቲኤም (STM) ነው። ቀላል ነው፣ የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፣ በትንሹ ሴንሰር ላይ 250ው እንደ 400 ሚሊሜትር ያቀርባል። ተራውን 75-300 በርካሽ ታገኙታላችሁ፤ መንቀጥቀጥ መቀነሻ የለውም፣ 300 ላይም ምስሉ ይደበዝዛል። ገንዘባችሁን አታውጡበት። ለኒኮን “ቪአር” (VR) የሚባለው መንቀጥቀጥ መቀነሻ ያለበት 55-200 ወይም 70-300 ይሁን።

ሻጩን ስታገኙ በቀን ብርሃን ይሁን፣ የራሳችሁን ካሜራም ያዙ። ሌንሱን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ሁለቱንም ክዳን አንሱና የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት በኩል አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም፤ አያስጨንቃችሁ። የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ክሮች ካያችሁ ግን ፈንገስ ነውና ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስላችሁ ተዉት። የውስጡ መስታወት እንደ ጉም ነጣ ካለም እንደዚያው። ብሎኖቹ ተፋፍቀው ከሆነ ሌንሱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ።

ከዚያ ካሜራው ላይ ግጠሙና ሞክሩ። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፉ፣ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ዙሙን እስከ መጨረሻ ሳቡ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) በተቻለ መጠን ከፍታችሁ አንሱ። ፎቶውን በስክሪኑ አጉልታችሁ አራቱንም ማዕዘን እያያችሁ ፊደሎቹን አንብቡ። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ከደበዘዘ፣ ውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ከቦታው ሸሽቷል፤ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ጉድለት በዓይን ብቻ ልታገኙት አትችሉም፤ ለዚህ ነው ጋዜጣውን የማልተወው። ቀጥሎ የሹተሩን ፍጥነት 1/60 ሰከንድ አድርጋችሁ የመንቀጥቀጥ መቀነሻውን እያበራችሁና እያጠፋችሁ አንሱ፤ ልዩነቱ ግልጽ መሆን አለበት። አፐርቸሩን አጥብባችሁ 16 (f/16) ላይም ደጋግማችሁ አንሱ። ብርሃኑ ከፎቶ ፎቶ ከተለዋወጠ አፐርቸሩ በትክክል እየሠራ ላይሆን ይችላል፤ ካኖኑ “ኤረር 01” (Err 01) ካለ ደግሞ ሌንሱና ካሜራው በትክክል እየተገናኙ አይደሉም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ፣ ኬኢኤች (KEH) እና ኤምፒቢ (MPB) የሚባሉት ያገለገለ የካሜራ ዕቃ ሻጮች ሌንሶችን በይዞታቸው ደረጃ መድበው ይሸጣሉ። የጋዜጣውን ሙከራ ግን ዘመዳችሁ ከመሳፈሩ በፊት እዚያው ይሥራው፤ ችግር ቢገኝ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መመለስ የሚቻለው ያኔ ነው።