መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ጠበል፦ ወንድም ጋሼ ከአረቄ የወጣበት መንገድ

እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። ደብረ ብርሃን አካባቢ እንዲህ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ድፍድፉ ሰንብቶ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ደንበኛ ሲመጣ እማዬ ጠብ አድርጋ ወደ ምድጃው ትረጫለች። ቦግ ካለ ጥሩ አረቄ ነው። ደብተሬና ጫማዬ የተገዙት በዚያ አረቄ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ በዚያው አረቄ ሊሞትብን ነበር። ዛሬ ከተወው ስድስት ዓመት አልፎታል።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ ጠጪ ላላችሁ ነው። ለእህት፣ ለሚስት፣ ለእናት። ጠጪው ራሱ ካነበበው ደግሞ እሰየው። "ያለ ሐኪም፣ በተፈጥሮ መንገድ ማቆም ይቻላል?" ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይህን ነው። ጠበሉ፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ሥራው ሁሉም ትልቅ ነገር ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ግን ለእነሱ ብቻ አትተዉ።

እኛ ተውናቸው። ያኔ ወንድም ጋሼ ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ ኤሌክትሮዱን መያዝ አይችልም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን እማዬ አለቀሰችና ጠበል እንሂድ ተባለ። እሱም እሺ አለ። መኪና የማይገባበት ሩቅ ቦታ ነበር የሄድነው። የመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆነ፣ አስታወከው። "እየለቀቀው ነው" አልን። በሁለተኛው ሌሊት ወደቀ። ጥርሱን ነክሶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች "ሰይጣኑ እየጮኸ ነው፣ እልል በሉ" አሉን። እኔም እልል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጋቢው ላይ የሌሉ ጉንዳኖች ይለቅም ጀመር። አንድ በአንድ፣ በጣም ተጠንቅቆ። ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆነውን አባታችንንም ያናግር ነበር።

ለራሷ ሕመም የመጣች አንዲት የነርስ ተማሪ አየችውና "መጠጥ ካቆመ ስንት ቀኑ ነው?" አለችኝ። ሦስት ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። በቃሬዛ እስከ መንገዱ አወረድነው፣ ከዚያ በአይሱዙ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ "ነገ ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ዝም አለ።

በኋላ ነርሷ እንዲህ አስረዳችኝ። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከግራና ከቀኝ ሲገፉ አስቢ። አልኮል አንጎልን ወደ መተኛት ይገፋዋል። አንጎል ደግሞ ነቅቶ ለመቆየት በተቃራኒው ይገፋል። ለዓመታት እንዲህ ሲገፋፉ ቆይተው አልኮሉ በድንገት እጁን ቢያነሳ፣ አንጎል በሙሉ ኃይሉ ወደፊት ይወረወራል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ፣ መውደቁ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ሰዓቱንም ነገረችኝ። መንቀጥቀጥና ማላብ ከመጨረሻዋ መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መውደቁ ብዙ ጊዜ እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። መቃዠቱና የሌለ ነገር ማየቱ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይመጣል፤ ካልታከመ የሚገድለውም እሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰውየው የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብሎ ያውቃል? ሰው ስለ መጠጡ ሲነግረው ተናዶ ያውቃል? በመጠጡ ተጸጽቶ ያውቃል? ጠዋት ሲነሳ ራሱን ለማረጋጋት ጠጥቶ ያውቃል? ለሁለቱ አዎ ካለ ነገሩ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። የመጨረሻዋን ጥያቄ በተለይ ያዙልኝ። ጠዋት የሚጠጣ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም የወደቀ ወይም የቃዠ ሰው በድንገት ቤቱ ውስጥ አያቁም። ነፍሰ ጡርና ጉበቷን የታመመችም እንዲሁ። የሚያስፈራኝ መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ "ጀግና ነው፣ በአንድ ቀን ተወው" ተብሎ የሚጨበጨብለት ሰው መኖሩ ነው።

"እኔ ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣም፣ ሱሰኛ አይደለሁም" የሚልም አለ። ወንድም ጋሼም ይል ነበር። ሁዳዴ ላይ አረቄውን ትቶ ጠላ ይጠጣል፤ ጠላን መጠጥ ብሎ አይቆጥረውም ነበር። ቢራ ብቻ የሚጠጣውም ሂሳቡን ይሥራ። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 50 ሚሊ የምትይዝ መለኪያ ደግሞ፣ አረቄው 45 በመቶ ከሆነ፣ 18 ግራም። አረቄ ቤት ደግሞ በአንድ መለኪያ የሚነሳ ሰው አላየሁም።

ሕክምናው የት ነው ካላችሁ፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። "አማኑኤል ገባ ይሉኛል" የሚለው ይሉኝታ ወንድም ጋሼን ሁለት ዓመት አስቆይቶታል። ሰውየው ከወደቀ ወይም ከቃዠ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጥቶ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ያንን መድኃኒት ከሰፈር ፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትሞክሩት። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። እኛ አገር ጠጪ ሲዳከም ክሊኒክ ወስዶ ግሉኮስ ማስተከል ተለምዷል። ገና በር ላይ "ጠጪ ነው፣ ለብዙ ጊዜ በቅጡ አልበላም" በሉ። ጠጪ ሰው ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን፣ ቢ ዋን፣ ያልቅበታል። ግሉኮሱ ያለ እሱ ከገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ሳይጠጣ የሚንገዳገድ፣ ነገር የሚምታታበት፣ ዓይኑ የሚዋልልበት ሰው ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። በመርፌ ይሰጠዋል፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም።

ከዚህ በኋላ ያለው የቤት ሥራ ነው። የቤቱ ሥራ ደግሞ ረጅሙ ነው።

ወንድም ጋሼን አዲስ አበባ እኔ ቤት አመጣሁት። ሆዱ ምግብ ረስቶ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አጥሚትና ሾርባ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ ምስር፣ ሽሮ፣ ገንፎ፣ እንቁላል። ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት በሶ በጥብጬ አስጠጣዋለሁ። ማታ ማታ ጣፋጭ ያምረው ነበር። ማር በዳቦ ሰጠሁት፣ አልከለከልኩትም። ቡና ከሰዓት በኋላ አቆምን፤ እንቅልፉ እንደሆነ ለወራት አልተስተካከለም። ይህን እወቁ። ያልተኛ ሰው "አንድ ብቀምስ እተኛ ነበር" ይላል፣ ልክ ይመስለዋል።

ጠበሉን ደግሞ በአንድ ወሩ ጀመርነው። በዚህ ጊዜ እንጦጦ ነበር፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። እኔም ያንን ይዤ ነው የሄድኩት። ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ተጠምቆ ይመለሳል። ሰው ያናግረዋል። ማንም ሰካራም አይለውም። ማታ ደክሞት ይተኛል። እምነቱን እኔ አልመዝነውም። ግን የሚያስነሳው ምክንያት፣ የሚጠብቀው ሰውና የሚያደክም መንገድ በአንድ ላይ አገኘ። ሙስሊም ወይም ጴንጤ ከሆናችሁ የራሳችሁ ቦታ አለ፤ የጠዋት ሰላቱ፣ የጸሎት ቡድኑ።

ሀራራው ይመጣል። መጥቶ ግን ለዘላለም አይቀመጥም። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይወጣና ይወርዳል። እኛ ቤት ውል ነበረን። ሲይዘው ይነግረኛል፣ እኔም አልመክረውም። መጀመሪያ አበላዋለሁ። ከዚያ ተያይዘን እንወጣና እንሄዳለን። ስንመለስ ብዙ ጊዜ አልፏል። የሚብሰው 11 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ሲወጣ፣ ርቦትና ደክሞት ነበር። ከታክሲው መውረጃ እስከ ቤታችን ሁለት አረቄ ቤት አለ። ስለዚህ አንድ ፌርማታ ቀድሞ "ወራጅ አለ" ይልና በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይመጣል። የደሞዝ ቀን እኔ ሄጄ እቀበለዋለሁ። ቁጥጥር ይመስላል፤ ግን የጠየቀኝ እሱ ነው።

ማኅበርና ዝክር ከባድ ነው። የአገራችን ሰው "ውሰድ እንጂ፣ ለበረከት ነው" ማለት ይወዳል። ቀድማችሁ ለደጋሿ ንገሯት። ሲገባ ብርዝ ወይም አምቦ ውሃ በእጁ ይያዝ፤ ባዶ እጅ ጠላ ይጋብዛል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ባይሄድ ይሻላል። እማዬንም ለምነን፣ እሱ ሊጠይቃት ሲሄድ የአረቄ ማውጫውን እንድታነሳ አደረግን። ከበዳት። የምትኖርበት ነው። አነሳችው።

ኮሶ አጠጡት የሚሏችሁን አትስሙ። ኮሶ መርዝነት አለው፣ ሱስ አያወጣም። ተደብቆ ምግብ ውስጥ የሚጨመር "መጠጥ የሚያስጠላ" ክኒንም እንዲሁ። ሰውየው ሳያውቅ ጠጥቶበት ልቡ ሊቆም ይችላል። ጫት ደግሞ አይተካውም፤ ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለማብረድ መጠጣት፣ አለና።

ወንድም ጋሼ አንድ ጊዜ አገርሽቶበታል። በሁለተኛው ዓመት፣ በፋሲካ፣ አጎታችን ቤት በአንዲት ብርጭቆ ጠላ። ከቀናት በኋላ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አልገባም አለ። እኔም መሬቱ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ስንት ቀን ሆነ?"

"አራት።"

"ጠዋት ጠዋትም?"

"ዛሬ ብቻ።"

ነጠላዬን ደረብኩና ወደ ሐኪሙ ተያይዘን ሄድን።