አዲስ የተመረጠ አፈ ጉባኤ ሰሜን ሸዋ ሲመጣ እንዴት እንቀበል?

አዲስ የተመረጡት አፈ ጉባኤ ደብረ ብርሃን ሊመጡ ነው ተባለ እንበል። የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እናንተም ገባችሁበት። ከየት ትጀምራላችሁ?

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት እኛ አካባቢ አንድ ትልቅ እንግዳ መጥተው ነበር። ሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ውርጭ ላይ ቆመ። እንግዳው አምስት ሰዓት ገቡ። ከዚያ ንግግር በንግግር ላይ ተደረበ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት የሰፈራቸውን የውሃ ችግር አስጽፈው መጥተዋል። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋታል። "ሰዓት አልቋል" ተባለ። ቋጠሮውን ሳይፈቱ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አቀባበል ሲባል የምትታየኝ ያቺ ቋጠሮ ናት።

የትኛው ምክር ቤት ነው?

ይሄን አስቀድማችሁ ለዩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል። የአማራ ክልልም ባሕር ዳር የራሱ ምክር ቤት አለው። የሦስቱም ሰብሳቢ አፈ ጉባኤ ነው የሚባለው። የምትጠይቁት ነገር ግን እንደየምክር ቤቱ ይለያያል።

አፈ ጉባኤ የጉባኤው አፍ ማለት ነው። በንጉሡ ዘመን ትልቁ ዳኛ አፈ ንጉሥ ይባሉ ነበር። አሁን አፉ የጉባኤው ሆኗል። ስለዚህ እንግዳው የአካባቢያችሁ ተወላጅ ቢሆኑ እንኳ "የኛ ልጅ ነዎት፣ ለኛ ያድሉልን" አትበሏቸው። እልል በሉ፣ ኩሩ፣ ደስታው ይገባል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን ለደጋፊውም ለተቃዋሚውም እኩል ዕድል መስጠት አለባቸው። መድረክ ላይ አድልዎ መጠየቅ እሳቸውን ማሳፈር ነው።

ቀንና ሰዓት

በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በመሀሉ የአንድ ወር እረፍት አለ። ግብዣችሁን ከእረፍቱ ጋር አስማሙት። ክረምት ከሆነ አዳራሽ ያዙ። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ ውርጩን ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ አራት ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በማለዳ የተነሣ እንግዳ ይደርሳል። ዝግጅቱ ሸዋ ሮቢት ከሆነ ደግሞ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ ድንኳንና የሚጠጣ ውሃ አይጥፋ።

የገበያ ቀን አትምረጡ። ተማሪ ከክፍል አስወጥታችሁ መንገድ ዳር አታሰልፉ። የመንገዱንና የጸጥታውን ጉዳይ ከዞኑ አስተዳደርና ከፖሊስ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

አቀባበሉ

ቄጤማ ጎዝጉዙ፣ ድፎ ዳቦ ይቅረብ። ምርቃቱን ቄሱም ሼሁም ይስጡ፤ ሕዝቡ አሜን ይበል። ምግቡን ከጾም ጋር አስተያዩት። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ሽሮውና ስልጆው ይበቃል። እንግዳው ምን እንደሚበሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ፈረሰኞች ካሉ ከሕፃናት ራቅ ብለው ይለፉ።

ስጦታው የመንዝ በርኖስ ቢሆን እመርጣለሁ። ከበግ ጸጉር የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ብርድ አቻ የለውም፤ የመንዝ ሰው እጅም አለበት። ሲለበስ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው ትከሻቸው ላይ ጣል ያድርጉላቸው። ከዚያ ፊት ለፊት ዞረው በሁለት እጃቸው ያስተካክሉላቸው። በዚያች ደቂቃ ማንም በማይክ አያውራ። ከዚህ ያለፈ ውድ ነገር ግን አትስጡ። ባለሥልጣን ሀብቱን በሕግ የሚያስመዘግብ ሰው ነው፤ እሳቸውንም ሕዝቡንም ታስቸግራላችሁ። ለድግሱም ከማንም በግድ መዋጮ አትሰብስቡ።

ንግግር

ተናጋሪ ሦስት ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። "ክቡር አፈ ጉባኤ" ወይም "ክብርት አፈ ጉባኤ" ብላችሁ ጀምሩ። ከድሮ ወረቀት "ክቡር"ን ገልብጦ ሴት እንግዳ ፊት ማንበብ ያሳፍራል። በ2010 ዓ.ም. ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነዋልና ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

ወረቀቷ

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምለፋው ለዚህ ነው። ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት በየቀበሌው ሰው አወያዩ። የተነሣውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አሳጥሩት፣ ከሦስት ጥያቄ አይብለጥ። አፈ ጉባኤ በጀት ይዞ መንገድ የሚሠራ ሚኒስትር አይደለም። ስለዚህ "መንገድ ይሥሩልን" ሳይሆን "ጉዳያችን በሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይታይልን፣ ኮሚቴው መጥቶ ይመልከት" በሉ። የት ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ቀበሌ እንደሚነካ ጻፉ። አስቀድሞ ለማን አመልክታችሁ ምን እንደተመለሰላችሁም ጨምሩ። የመረጣችሁት የምክር ቤት አባልም እዚያው ይገኙ፤ ጉዳዩን ምክር ቤት ውስጥ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው።

ወረቀቷን የሚያነበው ችግሩ የደረሰበት ሰው ይሁን። ሰዓቱም ከምሳ በፊት ይሁን፤ ከምሳ በኋላ እንግዳ ይቸኩላል። እንግዳው መልስ ሲሰጡ አንድ ሰው ቃል በቃል ይጻፍ።

ወረቀቷ በሁለት ቅጂ ትዘጋጅ። አንዷን ለእንግዳው ስጡ፣ ሌላዋ ላይ ተቀባዩ ይፈርሙ። በወሩ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ደውሎ "የት ደረሰ?" የሚል ሰው ደግሞ እዚያው ኮሚቴው ውስጥ በስም ይመደብ።