ለበዓል ዶሮ ወጥ ሳይቀምሱ እንዴት ይሠራል?

የበዓል ዶሮ ወጥ ጣጣው በጾም ተሠርቶ በፍስክ መበላቱ ነው። የገና ዋዜማ ጾም ነው። የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ ነው። የፋሲካው ቅዳሜማ የባሰ ነው፤ ሠሪዋ አክፋይ ከሆነች ውሃም ባፏ አልዞረ። የጎንደር እናቶች ጨዉን በግምት ጣል አድርገው ልክ ይመጣላቸዋል። እጁ ላልለመደ ሰው ግን ዘዴ አለው።

ገበያ ስትወጡ ዶሮውን በላባው አትገምቱ። ደረቱን ዳሰስ አድርጉት፤ አጥንቱ እንደ ስለት ከወጣ ሥጋ የለውም። ቀይ ሽንኩርት ለጎንደር ሰው ችግር አይደለም፣ ፎገራ ቅርብ ነው። ለአንድ የሐበሻ አውራ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 200 ግራም ያህል በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ መከለሻ፣ ሎሚ፣ እንዲሁም እንደ በላተኛው ቁጥር እንቁላል ያዙ።

ላባውን ነጭታችሁ፣ በእሳት ለብልባችሁ፣ 12 ብልት አውጡ። አገነጣጠሉን ካላወቃችሁበት ጎረቤት ጥሩ። ፈረሰኛውን ያበላሸ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይወራበታል። ቆዳውን ግፈፉና ሥጋውን በጨውና በሎሚ እሹት፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት። በመጨረሻ ሎሚ ባለበት ንጹህ ውሃ ዘፍዝፉት። ጨው ውስጥ አታቆዩት፣ ኋላ ግምታችሁን ያዛባል።

አሁን ቁሌቱ። ወጡ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሽንኩርቱን በቢላ አድቅቃችሁ ክተፉ። ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በመካከለኛ እሳት አማስሉት። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ቀስ ብሎ ይመጠዋል፣ ከዚያ መልኩ መለወጥ ይጀምራል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ድስቱን ሊይዝ ሲል ብቻ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉ። ዘይቱንና በርበሬውን ጨምራችሁ ሌላ 40 ደቂቃ ያህል፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉ። የጥሬ በርበሬ ሽታው ሳይጠፋ ንቅንቅ የለም። የቸኮለ ቁሌት ትርፉ ቃር ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ በዚህ መሀል ይግባ።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ቅቤ ካልገባ ቁሌቱ ገና የጾም ነው። የጾም መፍቻው ሰዓት ካለፈ ጨዉን አሁኑኑ ጨምራችሁ በእንጀራ ቅመሱት። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ከጥቂት ጀምሩ። ለብቻው ልክ ሲመጣ አንዲት ቆንጠር አክሉበት፤ ሥጋውና እንቁላሉ ይስቡታል። አክፋይ ግን ይህንንም አይቀምስም። ያኔ የማይጾም ሕፃን ይጠራል። «ጣፈጠ?» ካላችሁት መልሱ ሁሌም አዎ ነው። «ጨው አነሰው ወይስ በዛ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ቅቤውን ጨምራችሁ 10 ደቂቃ ካቁላላችሁ በኋላ ሥጋውን ክተቱ፤ ጠንካራ ጠንካራው ብልት ይቅደም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቆላ ካለ ዘመዳችሁ በሰማችሁት ሰዓት አትመሩ። የሐበሻ አውራ ዶሮ አንድ ሰዓት ሊያልፈው ይችላል፣ የፈረንጁ በግማሹ ይደርሳል። እሳት ማብዛት ሥር ያሳርራል እንጂ አያፈጥነውም። ሥጋው ከአጥንቱ ሸሸት ሲል መከለሻውን ነስንሱ። የተቀቀለውን እንቁላል በቢላ ጫር ጫር አድርጋችሁ ጨምሩና ድስቱን ከእሳት አውጡት።

ከቅዳሴ መልስ በቀስታ አሙቁት። ጨው ካነሰው በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ እንዲሁ አትነስንሱበት። ከበዛበት ደግሞ ጨው ያልነካው አይብ ከጎኑ በርከት አድርጋችሁ አቅርቡ፣ ለእንግዳውም ምንም አትንገሩ።