ከሆሎኮስት የተረፈን ሰው ሕይወት እንዴት እንሳል?

ናዚ ጀርመኖች አይሁዶችን ከፈጁበት እልቂት አትጀምሩ። ከቤቱ ጀምሩ። አስቴር ኒሰንታል ክሪኒትዝ እንዲያ ነው ያደረገችው። የፖላንድ አይሁዳዊት ነበረች፣ ሙያዋ ልብስ ስፌት፣ ሥዕል ተምራ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች የመንደሯን አይሁዶች ወደ ባቡር ጣቢያ ሂዱ ሲሏቸው፣ በ15 ዓመቷ ታናሽ እህቷን ይዛ ሸሸች፤ ሁለቱ ተረፉ፣ የቀሩትን ቤተሰቦቿን ዳግም አላየቻቸውም። 50 ዓመት ሲሆናት መርፌና ጨርቅ አነሳች። መጀመሪያ የጠለፈችው የልጅነት ቤቷን ነው። በመጨረሻ ሥዕሎቿ 36 ደረሱ።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ መማሪያው ደጃችን ነው። ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቡና ግድግዳውን እዩ፤ ታሪኩ በተርታ ይሄዳል፣ ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ክፉው ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ውሰዱ። ታሪኳን የምትስሉላትን ሴት ፊት ለፊት፣ ወታደሮቹን በጎን ሳሉ። አክሊለ ብርሃን ግን አታድርጉባት፤ አይሁዳዊት ናት፣ እምነቷን አክብሩላት።

ምስክርነቷን ሁለት ሦስቴ ስሙ። ስድስት ሰባት ቅጽበት ምረጡ። አቡጀዲውን እኩል ቆርጣችሁ ወጥሩ፣ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በቀለም። ከሥር የራሷን ቃል በአጭሩ ጻፉ። ያልተናገረችውን አትጨምሩ፤ የእናቷን ቀሚስ ቀለም ካልነገረችን ሳይቀባ ይቅር። ሬሳ መደርደርም አያስፈልግም፣ ባዶ የቀረ የማዕድ ቦታ ይበልጥ ያማል። ዘመዶቿ ካሉ ንድፉን ከቀለሙ በፊት አሳዩአቸው።