በነፍሳትና በእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚያጠና ማዕከል ሲመራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በጣና ዳር እንዲህ ያለ የዩኒቨርሲቲ ማዕከልን የሚመራ ሰው የሚፈጽመው ከሁሉም የከፋው ስህተት ሥራውን በበጀት ዓመቱ አቆጣጠር ብቻ መምራት ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ እስኪጸድቅ፣ ጨረታው እስኪወጣና ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ግን ብዙ ጊዜ ኅዳር ይገባል። የወባ ትንኝ ደግሞ ይህን ሁሉ አትጠብቅም። በባሕር ዳር ዙሪያና በፎገራ ሜዳ ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ስለዚህ ወጥመዱ፣ ባትሪውና የናሙና መያዣው ቢዘገይ እስከ ግንቦት ድረስ፣ በሚገባደደው ዓመት በጀት ተገዝቶ መጋዘን መግባት አለበት። የሪኤጀንቱ (የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካሉ) ካርቶን ጥር ላይ ሲከፈት ኩሬው ደርቆ፣ ወጥመዶቹም ባዶ ሲያድሩ አይቻለሁ፤ የአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጥናትም ከወቅቱ ጋር አብሮ አለፈ።

ሁለተኛው ስህተት የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ሕንፃ አስቀምጦ ለየብቻቸው ማሠራት ነው። አባ ሰንጋም ሆነ የእብድ ውሻ በሽታ የሰውን ደጅ ከበረቱ ለይቶ አያውቅም። ወባ የሰው በሽታ ብትሆንም፣ ዋናዋ አስተላላፊያችን አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም ደም ትመገባለች። ጥጆች ከሰው ጋር በሚያድሩበት ቤት የመብራት ወጥመዱ ከአጎበሩ ውጭ፣ በመኝታው ግርጌ በኩል ተሰቅሎ ያድራል፤ ጠዋት ሲወርድ ኩባያው ውስጥ ሆዷ በደም የጠቆረ ትንኝ ትገኛለች። ያ ደም የጥጃው ነው ወይስ አጠገቡ የተኛው ሕፃን? ይህን በአግባቡ ለመመለስና መልሱንም ወደ መከላከል ሥራ ለመቀየር የነፍሳት ተመራማሪው፣ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና መኮንኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው፤ መሪውም ይህን ለበጎ ፈቃዳቸው ሳይተው በሥራ ዝርዝራቸው ሊያሰፍረው ይገባል። (ከከብቱ ጆሮ ተነቅሎ አልኮል ውስጥ የገባ መዥገር ስያሜው በእርሳስ ይጻፍለት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃልና የዓመት ድካም ያለ ስም ይቀራል።)

ሦስተኛው «ወባ የለበትም» የተባለውን ናሙና እንደ ተዘጋ መዝገብ መቁጠር ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነው ሊረሳ አይገባም። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ) መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ይታከም ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ሞተዋል። ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፣ ሁለቱም ጣፊያን ያሳብጣሉ፤ ስለዚህ የጤና ጣቢያው ባለሙያ መሳሳቱ አያስገርምም። ማዕከሉ ግን የተቋቋመው ለዚህ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ በወባ መድኃኒት ያልዳነ፣ በተለይም ለሰሊጥ አረማና አጨዳ መተማ ወይም ሑመራ ደርሶ የተመለሰ ታማሚ ናሙናው ለካላዛር ምርመራ ማለፉ በጽሑፍ የታወቀ አሠራር መሆን አለበት። ይህን አሠራር የማያስከብር መሪ ባለው መሣሪያ ብዛት ሊመሰገን አይችልም።

ስለ መሣሪያ ከተነሣ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ገዝቶ የጄኔሬተሩን ነዳጅ አለመመደብም የተለመደ ስህተት ነው። መብራት ቅዳሜ ማታ ሲጠፋ ማን እንደሚጠራ ስሙና ስልኩ በሩ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ውጤቱን ለባለቤቱ አለመመለስ ነው። የምርመራ ውጤት በጆርናል ሲታተም ደም የሰጠው ገበሬ ግን ምንም ሳይሰማ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ወደ አንድ ቀበሌ ተመልሰን ስንሄድ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው «ዶክተር፣ አምና ከልጄ ጣት የወሰዳችሁት ደም ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እሳቸውም በዚያ ቀን ልጃቸውን አላስመረመሩም፣ ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን አይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ያለፈውን ዙር ውጤት በአማርኛ ጽፎ ለጤና ኬላው ሳያስረክብና በየቤቱ ሳይነግር አዲስ የጣት ደም አይወስድም።