ማስኩ መጨረሻ ይወልቃል፦ የመከላከያ ልብስ አወላለቅ ለጤና ባለሙያዎች

በኮቪድ ዓይነት ወረርሽኝ ጊዜ ሲለብስ የማይጠነቀቅ የለም። ሲያወልቅ ግን ፈረቃው አልቋል፣ ላቡ ዓይን ያቃጥላል፣ ማስኩ አፍንጫ ልጧል፤ እጅ ሳይታወቅ ወደ ፊት የሚሄደው ያኔ ነው። ማውለቂያው ቦታ መስታወት፣ ሳኒታይዘር፣ በእግር የሚከፈት የቆሻሻ መጣያና ቅደም ተከተሉን ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ባልደረባ ይኑሩት። እሱ ያያል እንጂ አይነካም።

ጓንት ይቀድማል። የአንዱን ውጫዊ ክፍል አንጓ አካባቢ ቆንጥጠው እየገለበጡ ያውጡ፤ ከዚያ ባዶውን ጣት በቀረው ጓንት ሥር ከውስጥ አስገብተው ይግፈፉት። እጅዎን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በሳኒታይዘር ይሹ። ቀጥሎ ጋውን፦ ማሰሪያውን ፈትተው ከትከሻ ወደ ፊት እየሳቡ ውስጡን ወደ ውጭ ይጠቅልሉት፤ ማራገፍ የለም። እንደገና እጅ። የዓይን መከላከያውን ከኋላ ይዘው ያንሱ። አሁንም እጅ፤ ይሰለቻል፣ ግን አይዘለልም።

ኤን 95 (አየር የሚያጣራው ማስክ) የሚወልቀው ከክፍሉ ወጥተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። መጀመሪያ የታችኛውን ላስቲክ፣ ቀጥሎ የላይኛውን። የላይኛው ከቀደመ ማስኩ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ሊይዘው የሚሞክር እጅ ደግሞ የሚያርፈው በተበከለው የማስኩ ፊት ላይ ነው። ከዚያም እጅ።

ማስኩ ሲጠለቅም የአፍንጫውን ሽቦ በአንድ እጅ መቆንጠጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሽቦው ይሾልና ከጎኑ ክፍተት ይቀራል። በሁለት እጅ ጣቶች ከመሃል ወደ ጎን ይጫኑት። ከዚያ በእጆችዎ ሸፍነው በኃይል ይተንፍሱ፤ አየር ዓይንዎ ጋ ከደረሰ አልገጠመም። ጠርዙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጢም ካለ ደግሞ ምንም ቢጫኑት አይገጥምም።

በረኪና ሲበጠብጡ ከሁሉ በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ያንብቡ። 5 በመቶ ከሆነ፣ ለደምና ለሰውነት ፈሳሽ 1 ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ውሃ (0.5 በመቶ)፤ ለአልጋ፣ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ 200 ሚሊ ሊትር በ9.8 ሊትር ውሃ (0.1 በመቶ)። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቀትና ፀሐይ ክሎሪኑን ያዳክሙታል። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ። ቆሻሻው መጀመሪያ በሳሙና ካልተነሳ በረኪናው በቆሻሻው ላይ ያልቃል፣ ቫይረሱ ይተርፋል። ሰው ላይ መርጨትማ ዓይንና ሳንባ ከመጉዳት በቀር ፋይዳ የለውም።

ሌላው የሚዘነጋው የሻይ ክፍሉ ነው። በሽተኛው ፊት ስድስት ሰዓት ማስክ ያደረገ ሰው፣ ቡና ሲቀርብ ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር መስኮት ዘግቶ ይቀመጣል። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ መስኮቱን ከፍተው ይጠጡ።